እምቦጩን እየነቀልን ጣናን ማዳበሪያ እያበላን እስከ መቼ?

ከጣና ዳር (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጣና በተነሣ ቁጥር የምናወራው ስለ እምቦጭ ነው። ማሽን ተገዛ፣ ማሽን ቆመ፣ ዘመቻ ተጠራ፣ ይህን ያህል ሄክታር ተነቀለ። አረሙ በሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ቦታውም መገጭ ወንዝ በሚገባበት በደምቢያ በኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ የዳር አገር ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይም የአንድ ወር ዘመቻ ተደርጓል። ለዚህ ድካም ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። የምጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አረሙ የሚበላው ምግብ ከየት ይመጣል? እሱንስ ማን ያቆመዋል?

አረሙን በዋናነት የሚመግበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እስቲ ፎስፈረሱን አብረን እናስላ። እርጥብ እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ደርቆ ከሚቀረው ውስጥ ደግሞ ፎስፈረስ የሚሆነው ከሺህ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ግን 16 ኪሎ ተኩል ያህል ፎስፈረስ አለ። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ፎስፈረስ ከሐይቁ ለማውጣት ብዙ መቶ ኩንታል እርጥብ አረም ነቅሎና ተሸክሞ ከዳር ማራቅ ያስፈልጋል። ማራቅ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ዳር ላይ ተከምሮ የበሰበሰ እምቦጭ የበላውን መልሶ ለሐይቁ ይሰጣል።

እርግጥ ነው፣ ገበሬው የበተነው ሁሉ ጣና አይደርስም፤ አብዛኛው በአፈርና በሰብል ይያዛል። ነገር ግን ውኃው ወደ ጣና የሚፈስሰው መሬት ወደ 12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛውም የሚታረስ ነው። ከየማሳው ትንሽ ትንሽ ቢወርድ ሲደመር ነቃዩን ያሸንፈዋል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ በማሳውና በሐይቁ መካከል የነበረው ረግረግና ደንገል (ፓፒረስ) ካልተመለሰ ነቀላው መጨረሻ አይኖረውም። ዛሬ በብዙ ቦታ እርሻው ከውኃው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል፤ መሐል ላይ ጎርፉን የሚያረጋጋ፣ ደለሉን የሚያስቀር ምንም የለም። የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን ስጡ።


የቀበሌ ባለሙያ

በፎገራ ሜዳ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ስሌቱን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ወሬው ወደ ገበሬ ወቀሳ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ማዳበሪያ ለመግዛት በግ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡ በጎርፍ እንዲሄድ አይፈልግም። የሚሄድበት ተገዶ ነው።

እንዴት እንደሚሄድበት ላስረዳ። ማዳበሪያው በዘር ወቅት ሳይደርስ ይቀርና ዝናቡ በበረታበት በሐምሌ ይመጣል። ገበሬው ጊዜ ስለሌለው ሁሉንም በአንድ ቀን ይበትነዋል። ዩሪያ በተበተነ ማግስት ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ናይትሮጅኑ ሟሙቶ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። የፎስፈረስ ጠባይ የተለየ ነው። ከአፈር ቅንጣት ጋር ስለሚጣበቅ አፈሩ ካልተጠረገ ከቦታው ብዙም አይንቀሳቀስም። በእኛ አካባቢ ግን አፈሩ ይጠረጋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ውኃው ጭቃ ነው። ስለዚህ የጣና የፎስፈረስ ችግር በአብዛኛው የደለል ችግር ነው ብዬ አምናለሁ። በፋርጣ ተዳፋት ላይ በደንብ የተሠራ እርከን፣ የተዘጋ ቦረቦር፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የሆነ ተራራ ለሐይቁ የሚሠራውን ሥራ ዳር ላይ የቆመ ማሽን አይሠራውም።

ማሳው ላይ ደግሞ የሚቻል ነገር አለ። ማዳበሪያውን ከመበተን ይልቅ በመስመር ከዘሩ አጠገብ አፈር ውስጥ መቅበር፤ ዩሪያውን ከፋፍሎ ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ መስጠት፤ በሩዝ ማሳ ላይ ዩሪያ ከተሰጠ በኋላ የማሳውን ውኃ ለጥቂት ቀናት አለመልቀቅ። ይህን ያደረገ ገበሬ በዚያው ማዳበሪያ የተሻለ ምርት ያገኛል። ለጣና ብለህ ቀንስ ብዬ ሰው አሳምኜ አላውቅም፤ ገንዘብህ እየታጠበብህ ነው ስል ግን ይሰማኛል።


ከጎንደር

ሁሉንም በማዳበሪያ ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም። የጎንደር ከተማ ፍሳሽ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች በኩል ወደ መገጭ ይወርዳል፤ መገጭ ደግሞ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። እምቦጩ መጀመሪያ የታየውም እዚያው ነው። ባሕር ዳርም ብትሄዱ በዝናብ ጊዜ ከየሰፈሩ የሚወርደው ምን እንደሆነ ታያላችሁ። ሳሙናው፣ መጸዳጃው፣ የቄራው እጣቢ ሁሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የከተማ ሰው ቆሻሻውን እየለቀቀ ገበሬውን ማዳበሪያህን ቆጥብ ሊል አይገባውም።


የውኃ መምህር

ከጎንደር፣ ያነሡት ነገር እውነት ነው፤ የከተማ ፍሳሽ ሊረሳ አይገባም። ለማቆምም ከማሳ ጎርፍ ይቀላል፤ በቦይ ተሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ ማጣሪያ ሊሠራለት ይችላል። የማሳው ጎርፍ ግን ከአእላፍ ቦታ ይመጣል፤ የሚያዘውም እያንዳንዱ ተዳፋት ላይ ነው። አንዱን ስንሠራ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

በውኃ ጥራት ላይ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ሦስት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው፣ ጣና በስፋቱ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ከ9 ሜትር አይበልጥም። ነፋስ ሲነሣ ደለሉን ከሥር ያናውጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ከማሳ የሚወርደውን በሙሉ ብናቆም እንኳ እስከ አሁን ሥር የተከማቸው ፎስፈረስ ለብዙ ዓመታት እየወጣ አረሙን ይመግበዋል። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ሥራው በሁለትና በሦስት ዓመት ውጤት ካላሳየ ከንቱ ነው እንዳይባል ነው።

ሁለተኛው፣ እምቦጭ ራሱ ችግሩን ያባብሳል። ጥቅጥቅ ብሎ በሸፈነበት ቦታ ውኃው አየር ያጣል፤ ኦክስጅን ሲጠፋ ደግሞ በደለሉ የተያዘው ፎስፈረስ ይለቀቃል። አረሙ ቀለቡን ከሥሩ ያስወጣል ማለት ነው። ለዚህ ነው ነቀላው ይቁም የማይባለው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይገምተው ነው። የጣና ውኃ በደለል የደፈረሰ ስለሆነ ብርሃን ወደ ውስጥ እንደ ልቡ አይገባም፤ በዚህም የተነሣ ውኃ ውስጥ የሚኖረው አልጌ ምግቡ እያለለት ብዙ አይራባም። እምቦጭ ግን ቅጠሉን ከውኃው በላይ ስለሚዘረጋ ብርሃን አይቸግረውም። ነገ እምቦጩን አጥፍተን፣ ደለሉን ቀንሰን፣ የሚሟሟውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ብንተወው፣ የጠራውን ውኃ መርዛማ ሊሆን የሚችል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሊወርሰው ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሜሪካ የቶሌዶ ከተማ ሕዝብ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ለቀናት የቧንቧ ውኃ አትጠጡ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማዋ ውኃ የምትቀዳበትን ኢሪ ሐይቅን የመረዘው አልጌ በዋናነት የተመገበው በማውሚ ወንዝ በኩል ከእርሻ መሬት በወረደ ፎስፈረስ ነበር። ኢሪ እኮ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የከተማ ፍሳሹ በማጣሪያ ተገትቶለት አገግሟል ተብሎ የነበረ ሐይቅ ነው። የእርሻው ጎርፍ ስለተተወ ተመልሶ ታመመ።


ዓሣ አስጋሪ

እኔ ስለ ኬሚካሉ አላውቅም፤ በውኃው ላይ ግን አርጅቻለሁ። ቀረሶ የሚራባው ዳር ዳሩን በሣርና በደንገል ሥር ነው። ደንገሉ ታርሶ ሩዝና ሽምብራ ሲዘራበት ጫጩቱ የሚደበቅበት አጣ። ከዚያ እምቦጭ መጣ፤ መረቡን ይጠቀልለዋል፣ ጀልባውንም አላሳልፍ ይላል። ነጩ ዓሣ ደግሞ በክረምት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥቶ በጠጠር ላይ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ጠጠሩን ደለል ሲያለብሰው፣ አሸዋውን ሰው ሲወስደው፣ አፍ ላይ ደግሞ መረብ ሲዘረጋበት ምን ይተርፋል? በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዓሣ ነው ብለው የተማሩት ልጆች ነግረውናል። ደንገሉ ይመለስ የምትሉትን እደግፋለሁ።


ከኦርላንዶ

የምኖረው ፍሎሪዳ ነው፤ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ አፖፕካ የሚባል ሐይቅ አለ። ታሪኩን ከሰማሁ ወዲህ ጣናን ሳላስብ ላልፈው አልቻልሁም፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጽፍላችሁ።

አፖፕካ ድሮ ውኃው የጠራ፣ በዓሣ አጥማጆች ዘንድ ስመ ጥር ሐይቅ ነበር። በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰሜን ዳርቻው ግድብ ተሠርቶ 8,000 ሄክታር የሚያህል ረግረግ ተጠነፈፈና ለአትክልት እርሻ ዋለ። አፈሩ ጥቁርና ለም ነበር። ማዳበሪያ የተቀላቀለበት የማሳ ውኃ ግን በፓምፕ እየተገፋ ወደ ሐይቁ ይገባ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ውኃው በአልጌ አረንጓዴ ሆነ፣ ሥር ያለው ተክል ብርሃን አጥቶ ሞተ፣ ውሎ አድሮም ዓሣ ማጥመጃው ተዘጋ።

በ1996 የፍሎሪዳ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ መንግሥት እርሻዎቹን ከባለቤቶቹ ገዝቶ መሬቱን ወደ ረግረግነት እንዲመልስ። ገዛም። የሐይቁን ውኃ በረግረግ ውስጥ እያሳለፈ የሚያጣራ ሥርዓት ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ጊዛርድ ሻድ የሚባለውን፣ ደለሉን እየፈተፈተ ፎስፈረስ የሚያስነሣ ዓሣ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በመረብ እያወጡ ከሐይቁ ያስወግዱታል፤ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም አብሮ ይወጣል። ዛሬ በውኃው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ በአንዳንድ ቦታ የውኃ ውስጥ ሣር እንደገና መብቀል ጀምሯል። ግን ልብ በሉ፤ ሕጉ ከወጣ ሩብ ምእተ ዓመት አልፎም ሥራው አላለቀም።

ሁለት ከባድ ስሕተትም ተሠርቷል። የተገዛውን ማሳ በ1998 በውኃ ሲሞሉት፣ በአፈሩ ውስጥ የቀረው የድሮ ፀረ ተባይ መርዝ ዓሣውን በክሎ፣ ዓሣውን የበሉ ፔሊካንና ሌሎች ወፎች በመቶዎች ሞቱ። ሁለተኛው የበለጠ ያሳዝነኛል። የመሬቱ ባለቤቶች በሚሊዮን ዶላሮች ሲከፈላቸው፣ በእርሻው ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁት፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ የቀን ሠራተኞች ግን ሥራቸውን አጥተው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሐይቅ ሲታደስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።


ከሰሜን እስራኤል

የከኦርላንዶን ጽሑፍ ሳነብ የእኛ አካባቢ ነገር ታወሰኝ። እዚህ የሑላ ሐይቅና ረግረጉ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ደርቋል። መሬቱ ደርቆ ሲበሰብስ ናይትሬቱ በዮርዳኖስ ወንዝ እየታጠበ የአገሪቱ ዋና የመጠጥ ውኃ ምንጭ ወደ ነበረው ወደ ገሊላ ባሕር መውረድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 የመሬቱን ክፍል መልሰው በውኃ ሞሉት። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሽመላ መሰል ወፎች፣ ክሬን የሚባሉት፣ ይሰፍሩበታል፤ ሰውም ገንዘብ ከፍሎ ሊያያቸው ይመጣል። በሑላ ረግረግ ላይ የሚበቅለው ተክል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደንገል ነው፤ ያው የጣናው።


የባሕር ሽሽ አራሽ

ሁላችሁንም አነበብሁ። አሁን እኔን ስሙኝ።

ቤተሰቤ የሚያርሰው የባሕር ሽሽ መሬት ነው፤ ውኃው ከመስከረም በኋላ እየሸሸ ሲሄድ እኛ እየተከተልን እንዘራለን። የይዞታ ደብተር የለንም። መሬት ሲከፋፈል እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ ከአባቴ ሁለት ጥማድ ላይ ለአምስት ልጅ የሚደርስ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ውኃው ገፋን። ደንገሉን የመነጠርነው ክፋት ይዞን አይደለም።

እናንተ ደንገል ይመለስ ትላላችሁ። የፍሎሪዳው ባለመሬት ተከፍሎት ወጣ፤ ደብተር ስለነበረው ነው። እኔ በየትኛው ዝርዝር ውስጥ እገባለሁ? እኔ እንደዚያ የቀን ሠራተኛ ነኝ። እምቦጩ ማሳዬ ላይ ሲወጣ የምነቅለው እኔ ነኝ፤ በልቶት የሚታመመውም ከብት የእኔ ነው። አሁን ደግሞ ልቀቅ እባላለሁ። ሐይቁ ከሞተ እኔም እንደማልተርፍ አውቃለሁ። ግን በዚህ ዓመት ልጆቼ ምን ይብሉ?


ከጣና ዳር

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ውይይቱን ስከፍት የጎደለው የእርስዎ ድምፅ ነበር።

ሰው ተነሥቶ ደንገል ይተከል የሚል ሐሳብ የለኝም። እንዲህ ያለው ነገር በጉልበት ከተሠራ በሌሊት ይነቀላል። የምለው ጠባብ መቀነት ነው፤ ከእያንዳንዱ አራሽ የውኃ ዳር ማሳ ላይ ጥቂት ሜትር። ደንገሉ እንደ ወንፊት ደለሉን ያስቀራል፤ ሲያድግ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን በአገዳው ውስጥ ያከማቻል። እዚህ ላይ ነው ለእርስዎ የሚሆነው ነገር ያለው። ደንገል ዝም ብሎ ከተተወ ወድቆ ይበሰብስና የያዘውን ይመልሳል። በየጊዜው ታጭዶ ከተወሰደ ግን ፎስፈረሱ አብሮ ይወጣል፤ ከሥሩም እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ አጨዳው የሐይቁ ሕክምና ነው። የሚያጭደው ደግሞ ማሳውን የሰጠው ሰው መሆን አለበት፤ ለምንጣፍ፣ ለአጥርና ለቤት ክዳን ይሸጣል፤ ለጋው ለከብት ይሆናል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ከየት እንደሚያመጡ ዛሬ ግራ ገብቷቸዋል፤ እነሱም ገዢ ብቻ ሳይሆኑ የመቀነቱ ባለድርሻ ይሁኑ።

ይህ የሩዙን ገቢ እንደማይተካ አውቃለሁ። የቀረውን መንግሥትና ከሐይቁ የሚጠቀሙ ሁሉ መሸፈን አለባቸው። የጣና ውኃ በበለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይን ያዞራል፤ ቱሪስት ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል። ከዚህ ሁሉ ጥቅም ውስጥ ለዳር አራሹ የሚደርሰው ምን ያህል ነው?


አዲስ አባል

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። እምቦጩን የሚበላ ጢንዚዛ አለ ይባላል። ለምን እሱን ለቅቀን አንገላገልም?


የውኃ መምህር

አለ፤ ኒዮኬቲና የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተለቀቁ በኋላ አረሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀንሶ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ኃይለኛ ዝናብና ማዕበልም አግዟል። ነገር ግን ወደ ቪክቶሪያ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላልቆመ እምቦጩ እየተመለሰ ነው የኖረው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ጢንዚዛው ይረዳል፤ ቀለቡን ግን አያቆምም።


የቀበሌ ባለሙያ

የባሕር ሽሽ አራሽ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ በተግባር ልመልስልህ። ደንገል በዘር ሳይሆን በሥሩ ቢተከል ይሻላል። ቡቃያ ያለውን ሥር ቆርጦ፣ አገዳውን አሳጥሮ፣ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ገና እርጥብ በሆነበት ዳር መትከል ነው። አስቸጋሪው ነገር መትከሉ አይደለም፤ ልቅ ግጦሽ ነው። ለጋ ደንገል ከብት ይወደዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤት ሁሉ ካልተስማማ አንድ ሰው ብቻውን አያሳድገውም። ስለዚህ የአንድ ማሳ ሙከራ አይሆንም፤ ቢያንስ ተከታታይ ማሳ ያላቸው ጥቂት ሰዎች አብረው መጀመር አለባቸው። የተነቀለውን እምቦጭ ደግሞ ከዳር አርቀን ኮምፖስት እናድርገው፤ ሳያፈራ ከተነቀለና በደንብ ከተብላላ ለላይኛው ማሳህ የምትገዛውን ማዳበሪያ ሊቀንስልህ ይችላል።


የባሕር ሽሽ አራሽ

ከእኔ ጋር የሚዋሰኑ አራት ሰዎች አሉ፤ አነጋግራቸዋለሁ። ሁለቱ እሺ ይላሉ ብዬ አስባለሁ፤ ሌሎቹ የከብቱን ነገር ያነሣሉ።

እኔ ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ደንገሉን ተክዬ ካደገ በኋላ የወል ነው፣ ማንም ያጭደዋል፣ ወይም ክልክል ነው እንዳልባል። አጨዳው የእኔ መሆኑ በቃል አይበቃኝም፤ ማኅተም ባለው ወረቀት ይጻፍልኝ።


የቀበሌ ባለሙያ

ይገባሃል። ከአምስታችሁ ፊርማ ጋር ማመልከቻውን ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አስገቡ፤ የማሳዎቹን አዋሳኝና የመቀነቱን ስፋት በሜትር ጻፉበት፤ የአጨዳ መብት የሚለውን ለብቻው አንድ አንቀጽ አድርጉት። ረቂቁን እዚሁ ለጥፈው፤ ሌሎችም አይተው ያስተካክሉታል። ውኃው መሸሽ ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱ ማለቅ አለበት፤ አለበለዚያ የተከላው ወቅት ያልፋል።